ከወረቀቱ ላይ የሌለው ንግግር

ያለፈውን ሳምንት ያላነበባችሁ ካላችሁ የት ከርማችሁ ነው ብዬ አልጠይቅም፤ በአጭሩ ይኸውና።

ጄኔራሏ የሚሏት ሴት ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ባሏን ከቀበረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ፊደል አልቆጠረችም፤ በዚህም አታፍርም፤ ወይም አላፍርም ትላለች። የድምፅ ስቱዲዮ ወለል ስትወለውል ጫማውን ሳይጠርግ የገባውን ሥራ አስኪያጅ ኮሪደሩ ላይ አቁማ ልክ ልኩን ስትነግረው፣ ሰውየው መቆጣቱን ረስቶ አፉን ከፍቶ ሰማት። «ይህ ድምፅ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለ። በሳምንቱ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ማይክ ፊት ቆመች።

ፊልሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ተከታታይ ነው፤ «ሁለቱ ባለመኪናዎች» ይባላል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ይሞትና ቀብሩ ላይ ሁለት ሚስቶች ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ። አንዷ ስለ ሌላዋ ሰምታ አታውቅም። ሰውየው የተወላቸው አንድ መኪና ብቻ ነው። መጀመሪያ ፀጉር ይናጫሉ፤ ቀጥሎ መሪ ይነጣጠቃሉ፤ ኋላ ግን አንዷ ያለ ሌላዋ ሞተር የማታስነሳ ጓደኛሞች ይሆናሉ። ጎማ ሲፈነዳ ወንድ መጥቶ እስኪቀይርላቸው መንገድ ዳር ቆመው አያለቅሱም። ሴቶቻችን የወደዷቸውም ለዚህ ነው። ረጅሟ ሚስት በጄኔራሏ ድምፅ ትናገራለች፤ አጭሯ ደግሞ በጓደኛዋ በፀጉር ሠሪዋ ድምፅ።

ፀጉር ሠሪዋ ታነባለች፤ ወረቀቷን ይዛ ለብቻዋ ገብታ ትቀዳለች። ለጄኔራሏ ግን ሌላ ዘዴ ተበጀላት። ፊልሙን የሚተረጉመው ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ከመስታወቱ ወዲያ ይቀመጥና እያንዳንዱን ንግግር በጆሮ ማዳመጫዋ ቀስ ብሎ ያቀብላታል፤ እሷም ግማሽ ትንፋሽ ያህል ዘግይታ በዚያ ጉሮሮዋ ታወጣዋለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ቃሉ ከጆሮዋ ወደ አፏ ሲያልፍ በሐሳቧ በኩል አይዞርም። አንድ ቀን መምህሩ ሲያስነጥስ ረጅሟ ሚስትም ዳኛ ፊት ቆማ አስነጠሰች፤ ተመልካቹ ሁሉ ለጉንፋኗ አዘነላት።

የመምህሩ ታላቅ እህት፣ የቀድሞዋ ርዕሰ መምህርት፣ የወንድሟን ምሳ ሳህን ይዛ ስቱዲዮ ድረስ መጥታ፣ «እስቲ ስምሽን እዚህ ላይ ጻፊልኝ» ብላ እስክሪብቶ የዘረጋችላት ባለፈው ሳምንት ነው። ጄኔራሏም እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ «ጥሩ ዕቃ ነው፤ አመሰግናለሁ» ብላ ይዛው ወጣች። ወጥታ ግን መጸዳጃ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ይህን ያየ የለም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን የምናውቀው።

አሁን ወደ ቅዳሜ ከሰዓት እንምጣ።

የፀጉር ሠሪዋ ቤት ሁለት ወንበርና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ያላት ጠባብ ክፍል ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አሥራ አንድ ሴት ትችላለች። ቴሌቪዥኑ ከመስታወቱ በላይ ተሰቅሏል፤ የምትሠራም የምትሠራላትም አንገቷን ሰቅላ ነው የምትውለው። ካስኩ ሲጮኽ ድምፅ ስለሚውጥ ፊልሙ እስኪያልቅ ማንም አትደርቅም። የቸኮለች ሌላ ቤት ትሂድ።

ጄኔራሏ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ግማሽ ራሷ በቢጎዲን ተጠቅልሏል፤ ግማሹ እርጥብ እንደሆነ ትከሻዋ ላይ ወርዷል።

«ፊትሽን ምን አጠቆረው? የመጨረሻው ክፍል እኮ ነው፤ ሠርጋችን ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«በርቺ አለኝ።»

«ማን?»

«ማን ይሆናል! ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ሲኖር ከርሞ፣ ማክሰኞ ዕለት ሥራው ሲያልቅ ኮቱን ደረበና ‹በርቺ› ብሎኝ ውልቅ አለ። ፈተና የምቀመጥ ይመስል!»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«‹አንተም› አልኩት።»

«ወይ ጉድ! ሁለት ግንድ አንድ ክፍል ዘግተንባቸው ኖረናል።»

«ምን ልበል ታዲያ? ጉልበቱ ላይ ልውደቅ?» አለች ጄኔራሏ። «ለሚቀጥለው ፊልም የሚያነቡ ብቻ ነው የሚፈለጉት፤ ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነግሮኛል። እኔ ሰኞ ወደ መወልወያዬ እመለሳለሁ። እሱ ቤቱ ተቀምጦ ይተረጉማል። ከእንግዲህ ወዲያ የሚያገናኘን ምን አለ? አንድ ቃል ቢል ኖሮ... አንድ ቃል! ቃል እንደሆን አያጥረው፤ ደሞዝ የሚበላው በቃል ነው።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ሰለለ። ፀጉር ሠሪዋም ልትቀልድ የከፈተችውን አፍ ዘግታ፣ በማበጠሪያው ፋንታ በመዳፏ ፀጉሯን ዳበስ አደረገችላት።

«ዝም በሉ! ጀመረ!» አለች ከጥግ ዳቦ ሻጯ።

«እኔ የረጅሟ ወገን ነኝ» አለች ለነገ ሠርግ ራሷን የምታሠራ ሙሽራ።

«አጭሯ ባትኖር ረጅሟ በሁለተኛው ክፍል እስር ቤት ትበሰብስ ነበር!» አለች ዳቦ ሻጯ። «ይልቅ አንቺ ነገ ባል ከማግባትሽ በፊት እንዲህ ያለች ጓደኛ አለችሽ ወይ? እሱን ንገሪኝ።»

ሙሽራዋ ማሰብ ጀመረች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎቻችሁም አስቡበት።

በፊልሙ ውስጥ ዝናብ እንደ ጉድ ይወርዳል። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። አጭሯ መሪ ይዛለች፤ ረጅሟ ከኋላ ሆና ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ትገፋለች። ከንፈሯ ስለማይታይ ለድምፅ ሥራ የተመቸ ቦታ ነው። ረጅሟ መግፋቷን አቆመች፤ ያ ጉሮሮም ከቴሌቪዥኑ ወጣ።

«ስሚኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የማይረባውን ሁሉ ሳወራሽ ኖሬ ዋናውን ሳልነግርሽ ቀረሁ። አንቺ የሌለሽበት ክፍል ስገባ መብራት ያላበራሁ ይመስለኛል። ዛሬ ይህ ሥራ ያልቃል፤ እኔ ግን አንቺን አልጨረስኩም።»

ሙሽራዋ ፎጣውን አፏ ላይ ያዘች። ዳቦ ሻጯ፣ በኑሮዋ ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ የማታለቅሰው ሴትዮ፣ አፍንጫዋን ሳበች። አጭሯ ከመሪው ላይ ራሷን በመስኮት አወጣችና በፀጉር ሠሪዋ ድምፅ መለሰች፦

«አፍሽን ዝጊና ግፊ! ጎማው እየሰመጠ ነው!»

ያለቀሱት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳቁ። «ጓደኛ ማለት ይህቺ ናት! ልቧ ሲነካ የምትሳደብ!» አለች ዳቦ ሻጯ ጉንጯን እየጠረገች።

ጄኔራሏ ግን አልሳቀችም። ማክሰኞ ይህን ስትናገር ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ንቅንቅ ሲል ተሰምቷት ነበር፤ ድካም ነው ብላ አልፋዋለች። አሁንም ያው ነገር ንቅንቅ አለ። ቀና ስትል ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን አየር ላይ እንደያዘች ድርቅ ብላለች።

«ተነሺ» አለቻት።

«ፊልሙ...»

«ተነሺ አልኩሽ እኮ!»

ራስ ወደሚታጠብበት ጓዳ ጎትታ አስገባቻትና ከመሳቢያ የተጨማደደ ወረቀት አወጣች።

«ያን ንግግር ማን ሰጠሽ?»

«ማን ይሰጠኛል? እሱ ነዋ።»

«እኔ መልሴን የማጠናው ያንቺን አንብቤ ነው። ወረቀቱ ላይ ረጅሟ የምትለው፣ ‹ጭነቱ እስከ ነገ ካልደረሰ ጉዳችን ፈላ፤ አንቺ ነዳጁን ስጪ፣ እኔ እገፋለሁ› ነው። እኔም ‹አፍሽን ዝጊና ግፊ› እላለሁ። አለቀ።»

«መብራቱስ? ክፍሉስ?»

«የለም። ከወረቀቱ ላይ የለም፤ ገልብጬም አየሁ።» ፀጉር ሠሪዋ ፈገግታዋ ከአንድ ጆሮዋ እስከ ሌላው መዘርጋት ጀመረ። «አንቺ ሴት፣ ይህ ማለት እኮ...»

«ገብቶኛል ምን ማለት እንደሆነ!»

አልገባትም። ደሟ ፈልቶ ነበር፤ ደም ሲፈላ ደግሞ ጆሮ ይደፈናል።

«ማንበብ አልችልም ብሎ! የፈለገውን አፌ ውስጥ እየጨመረ! ከእህቱ ጋር ማታ ማታ እራት ላይ ‹ዛሬ እንዲህ አስባልኳት› እያለ ሲሳሳቁ ከርመዋል ማለት ነው። ሌላስ ምን አስብሎኛል? ስንቱን ክፍል?»

«ቃሉን ሰምተሽዋል? ቃሉን እኮ ስሚው!»

«ቃሉን ተዪው!»

ቢጎዲኑን ሳታወልቅ፣ ሻሽም ሳትደርብ በጓዳው በር ወጣች።

መንገድ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ከሱቁ ደጅ ሆኖ፣ «ጄኔራል፣ ራስሽን ማን ጀምሮ ተወው?» አላት። «አንተ የጀመርከውን ሱሪ ጨርስ!» አለችውና አለፈች። እግሯ እየፈጠነ ሐሳቧ ወደ ኋላ ቀረ። በዕድሜዋ ስንት ወረቀት ፊቷ ተዘርግቶ አውራ ጣቷን አስቀምጣበታለች! የቤት ወረቀት፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ የባሏ የሞት ወረቀት። ሁልጊዜም ከመፈረሟ በፊት ሌላ ሰው ጠርታ፣ «በእርግጥ እንዲህ ነው የሚለው?» ብላ ታስነብብ ነበር፤ የገዛ ልጇን እንኳ አታምንም። ያን ሰው ብቻ አንድ ቀን አልጠየቀችውም። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ምን እንደሚል ሳታጣራ፣ ያለውን ሁሉ ብላለች። የሚያቃጥላት እሱ ነበር፤ ያመነችው ማመን።

በሩን የከፈተችው ርዕሰ መምህርቷ ናት። መነጽሯ ግንባሯ ላይ ወጥቷል፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ በእጇ መሐረብ ጨብጣለች። የጄኔራሏን ራስ አየች፤ ከዚያ እግሯን አየች።

«ጫማሽን ጥረጊ።»

«እርስዎን ፈልጌ አልመጣሁም።»

«ማንንም ፈልገሽ ና፣ ምንጣፉ ያው ነው።» ከዚያ ድምፅዋ ሳታስበው ለዘብ አለ። «ደግሞ... ዛሬስ አልዋሽም፣ አስለቀስሽኝ። አርባ ዓመት ድርሰት ሳርም ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም። ‹መብራት ያላበራሁ ይመስለኛል!› ከየትኛው መጽሐፍ ተረጎምከው ብዬ ብጠይቀው፣ ትምህርቱን እንዳላጠና ተማሪ መሬት መሬት ያያል። የጻፈው ሰው ሊቅ ነው። እንዲህ የሚል ወንድ በዘመኔ ቢገጥመኝ ኖሮ ይሄኔ የትምህርት ቤት ደወል አግብቼ አልቀርም ነበር።»

ጄኔራሏ ይዛ የመጣችውን ስድብ ዋጠችው። ሴትዮዋ አታውቅም! እራት ላይ አልሳቁባትም ማለት ነው። ካልሳቁባት ደግሞ...

«እትዬ፣ ማነው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ያ ድምፅ በር አልፎ፣ ኮሪደር አልፎ ሲመጣ ሰምታው አታውቅም፤ እሷ የምታውቀው ጆሮዋ ውስጥ ነው። እንዲህ ከሩቅ ሲመጣ ትንሽ ሆነባት፤ ብርድ የመታው መሰላት።

መምህሩ ሳሎን ብቅ አለ። አንድ እግሩ ጫማ አድርጓል፤ ሌላውን ጫማ በእጁ ይዟል። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው።

«ልመጣ ነበር» አለ። «ፊልሙ ካለቀ ጀምሮ ጫማዬን እያሰርኩ ነው።»

«አታለልከኝ።»

«አላታለልኩሽም።»

«ከወረቀቱ ላይ የለም!»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ብለህ አፌ ላይ አደረግከው?»

«አፍሽ ላይ አላደረግኩትም። ጆሮሽ ላይ ነው ያደረግኩት።» ጫማውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረው። «ቀይዋ የመቅረጫ መብራት ስትጠፋ ቀረጻው ለዕረፍት የቆመ መሰለኝ፤ ለካስ አምፖሏ ተቃጥላ ኖሯል። ፊት ለፊትሽ ቆሜ ልናገር ሁለት ዓመት ሞክሬ አቅቶኛል። መስታወት በመካከላችን ሲኖር ይቀለኛል ብዬ... ለአንቺ ነው ያልኩት። አንቺን ነው ያልኩት። አንቺ ግን ደገምሽው።»

ርዕሰ መምህርቷ ቀስ ብላ የሶፋው ክንድ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን አላስቆምከኝም?» አለች ጄኔራሏ። ድምፅዋ እንደ አመጣጧ አልነበረም።

«ብድግ ብዬ ነበር። ግን ከአፌ የወጣው ቃል በአንቺ ድምፅ ወደኔ ሲመለስ ሰማሁት። ‹አንቺን አልጨረስኩም› አልሽኝ። እንዲህ የተባለ ሰው እንዴት አድርጎ ‹ቁረጡት› ይላል?»

«ድምፅ የሚቀዳው ልጅስ?»

«እሱ የድምፅ መለኪያዋን መርፌ ነው የሚያየው። ፍቅርም ስድብም ለእሱ ያው መርፌ ነው። ‹ጥሩ ወጥቷል› አለና ወደሚቀጥለው አለፈ።»

«ከዚያ በኋላ ደግሞ ‹በርቺ› አልከኝ!»

«መልስሽን እየጠበቅኩ ነበር እኮ! ማዳመጫሽን አወለቅሽ፤ በቀጥታ ዓይኔን አየሽና፣ ‹ይሄ ሻይ ቀዝቅዟል› አልሽኝ። እምቢታሽ መሰለኝ። አራት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»

ጄኔራሏ አስታወሰች። እውነትም ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ከመቼ ወዲህ ነው ሰው በሻይ እምቢ የሚባለው? ልትስቅ ፈለገች፤ ልታለቅስም ፈለገች፤ ሁለቱ በር ላይ ተጋፍተው አንዱም ሳይወጣ ቀረ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ርዕሰ መምህርቷ። «አንተ ልጅ፣ ያን ንግግር የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አልጻፍኩትም እትዬ። ተናገርኩት።»

«ለእሷ?»

«ለእሷ።»

አሮጊቷ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ሁለቱንም አየች። ሊቅ ነው ብላለች፤ በገዛ አፏ፣ ምስክር ባለበት። የሰጠችውን ማርክ ሰርዛ አታውቅም፤ አርባ ዓመት በዚህ ስትኮራ ኖራለች። «እንግዲህ... ምን እላለሁ» አለችና መሐረቧን እጅጌዋ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። በሩን ግን አልዘጋችም።

ሁለቱ ቆመው ቀሩ። ጄኔራሏ መናገር ፈለገች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል አቀባይዋ የነበረው ሰው ግን ፊት ለፊቷ ቆሞ ከእሷ ቃል ይጠብቃል። ጆሮዋ ውስጥ ምንም የለም። እንዲህ ያለ ጸጥታ ባሏን ከቀበረችበት ቀን ወዲህ ሰምታ አታውቅም።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች በመጨረሻ። «ፊደል አልቆጥርም። ለእህትህ ብዬ አልቆጥርም፤ ላንተም ብዬ አልቆጥርም። አንድ ቀን ከቆጠርኩ ለራሴ ብዬ ነው።»

«አልጠየቅኩሽም።»

«እንዳትጠይቀኝ ብዬ ነው የነገርኩህ። ሁለተኛ፣ ፀጉር ሠሪዋ ጓደኛዬ ናት፤ ቅዳሜ የእሷ ነው። ማንም አይነካብኝም።»

«ቅዳሜ የእሷ ነው።»

«ጫማህን አስቀምጥ።»

አስቀመጠ።

«አሁን ድገመው። መስታወት የለም፤ መብራት የለም። እኔን እያየህ።»

መምህሩ ተነፈሰ። አርባ ተማሪ ፊት ሠላሳ አምስት ዓመት ቆሞ የነገሥታትን ልደትና ሞት በቃሉ የደረደረ ሰው ነው። «ስሚኝ» አለ። ላብ በግንባሩ ብቅ አለ። «ስሚኝ... ሁለት ዓመት ሙሉ... ሁለት ዓመት...» ጠፋበት። የገዛ ቃሉ ድራሹ ጠፋ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ወረቀት የለም።

ጄኔራሏ አንድ እርምጃ ቀረበች። እሷ እንደሆን አንድ ጊዜ የሰማችውን አትረሳም፤ ፊደል የሌለው ሰው ሌላ ማስቀመጫ የለውም።

«የማይረባውን ሁሉ» አለችው ቀስ ብላ።

«የማይረባውን ሁሉ» አለ ግማሽ ትንፋሽ ዘግይቶ።

«ሳወራሽ ኖሬ።»

«ሳወራሽ ኖሬ...»

«ዋናውን ሳልነግርሽ ቀረሁ።»

«ዋናውን ሳልነግርሽ ቀረሁ።»

እዚህ ላይ ዝም አለች። ይህን ራሱ እንዲያገኘው ፈለገች። ጠበቀችው፤ የዚያን ቀን ያህል ሰው ጠብቃ አታውቅም። ከወጥ ቤት የሳህን ድምፅ ሲሰማ ቆይቶ እሱም ቆመ። መምህሩም ዓይኗን ይዞ፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው እየዳበሰ ደረሰበት።

«አንቺ የሌለሽበት ክፍል ስገባ» አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ «መብራት ያላበራሁ ይመስለኛል።»

«ዛሬ ይህ ሥራ ያልቃል» አለችው።

«ዛሬ ይህ ሥራ ያልቃል። እኔ ግን... እኔ ግን አንቺን አልጨረስኩም።»

«እኔ ደግሞ» አለች «ገና አልጀመርኩህም።»

«እኔ ደግሞ ገና አልጀመር...»

«ይህን አትድገም!» ብላ ጮኸችበት። «ይሄኛው የኔ ነው!»

መምህሩ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ከዚያ ሳቁ ከሆዱ መጣ፤ ከወጥ ቤትም የታፈነ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ድምፅ ተሰማ። ጄኔራሏ ግን አልሳቀችም። ማንም ያላቀበላትን ቃል ተናግራ ስትጨርስ፣ ሳትጠየቅ የርዕሰ መምህርቷ ሶፋ ላይ ቁጭ አለችና ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ያቺ ቃል ከውስጧ የወጣችበት ቦታ እስካሁን እንዴት እንደሚሞቅ እያዳመጠች ቆየች።